ወይኒቱ አራት ጊዜ ስትጠራኝ

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ለምትኖረው ለእታለሜ ለያምሮት እንዳለው፣ ኩዌት።

እታለሜ፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ፤ ደረጃ ሳጥብ ያዘኝ ያልሽው ለቀቀሽ ወይ? ፋሲካንስ እንዴት ዋልሽ፤ ከአገር ልጅ ጋር ነው ወይስ ብቻሽን ነው የፈሰክሽው? እንቅልፍ ታገኛለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። አባዬ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ከእርሻ አልቀረም። እምዬም አለች፣ ስምሽን ሳታነሣ ማዕድ አትቀርብም። ትተሻት የሄድሽው ጊደር ወልዳ ለፋሲካ ቅቤዋን በላን፤ እምዬ «የያምሮት ቅቤ» እያለች ነው ለጎረቤት ያዳረሰችው።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ድምፄን ቀድቼ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። አንቺ እዚያ ማን አጠገብሽ ቆሞ እንደምትሰሚው አላውቅም፤ እኔም በጀመርሁ ቁጥር እንባዬ እየቀደመኝ አልሆነልኝም። ከእናንተ ዘንድ ለፋሲካ የመጣችው ሀኒ ማክሰኞ ወደ ኩዌት ስለምትመለስ ወረቀቱን በእጇ እልክልሻለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው። ደግሞ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም።

ነገሩ ለጥምቀት በመጣ ሰው እጅ ከላክሽልኝ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ፣ ከኤርፖዱ ይነሣል። የእመቤትሽ ልጅ አዲስ ገዝታ አሮጌውን እንደሰጠችሽ፣ ከእሷ አይፎን ጋር ሲሆን ጉድ እንደሚሠራ ነግረሽኝ ነበር። የእኔ ስልክ ግን ያው ጥጉ የተሰነጠቀው ቴክኖ ነው። ፍኖተ ሰላም ስልክ ወደሚጠግነው ወደ ይታገሱ ወሰድሁት። የማስቀመጫውን ጀርባ ተጭኖ መብራቱን ብልጭ ድርግም አስደረገና አገናኘልኝ። ከዚያ እየሳቀ፣ ይህ ከአይፎን ቤት የተወለደ ዕቃ ነው፣ ለአንቺ ስልክ እንግዳ ነው፤ ድምፁን ይሰጥሻል፣ የሆዱን ግን አይነግርሽም አለኝ። እውነቱን ነው። በአይፎን ላይ ቻርጁ ምን ያህል እንደቀረው፣ የውጭ ድምፅ ተዘግቶ ይሁን ተከፍቶ ሁሉም ይታያል አሉ። በእኔ ላይ የሚታየው «ተገናኝቷል» የምትል ቃል ብቻ ናት። ከጆሮዬ ባወጣው እንኳ ለፈተናው ብዬ ከስልኬ የማደምጠው ትምህርት አይቆምም፣ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ብቻውን ያስተምራል። ይታገሱ ከጆሮ ወደ ታች የምትወርደውን ዘንጉን ቆንጠጥ አድርጎ የውጭው ድምፅ እንዴት እንደሚዘጋና እንደሚከፈት አሳይቶኛል። እኔ ግን የሚዘጋው የሚደመጥ ነገር ሲኖር ብቻ መስሎኝ ቀረ። ትምህርቱን ካቆምሁ ጆሮዬ የራሴ ይሆናል ብዬ። ስሕተቴ ይኸው ነው።

ለምን እንደወደድሁት ደግሞ ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሙጬ የሚባል ሰው ከቤታችን በላይ ወፍጮ ተክሏል። ሞተሩ ሲነሣ ግድግዳችን ይንቀጠቀጣል፣ እምዬና አባዬ እርስ በርስ የሚነጋገሩት እየጮኹ ነው። እኔ ሰኔ መጨረሻ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለብኝ። ያን ነገር ጆሮዬ ላይ ስሰካ ሞተሩ ይጠፋል። የምትታዘቢኝ ከሆነ ታዘቢኝ፣ ከስልኩም ከትምህርቱም ይልቅ ዝምታውን ወድጄው ነበር።

የቅዳሜ ጥበቃችንን አትረሺውም። ሰዉ ገበያ ሲወርድ ከጎጡ በተራ አንድ ሰው ይቀራል፤ እሳት ቢነሣ፣ ከብት ማሳ ቢገባ፣ የታመመ ቢጣራ ሰሚ እንዲኖር። የካቲት ዐሥራ አምስት ተራው የእኛ ነበረና እኔ ቀረሁ። ሌላ የቀረች ወይኒቱ ብቻ ነበረች። ወይኒቱን አታውቂያትም፤ የጎረቤታችን የክንዱ ሚስት ናት፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከቡሬ በኩል ከአዊ ቤተሰብ ያመጣት። እርጉዝ ነበረች፣ ግን ወር ይቀራታል ተብሏል። ከክንዱ ቤት ጋር ደግሞ በታኅሣሥ አባዬ በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልቶ ሰላምታ ተቋርጦ ነበር። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሷም እኔም መሬት መሬት ነበር የምናየው።

ከቤታችን ብሳና ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ፣ ጀርባዬን ወደ ክንዱ ቤት ሰጥቼ። ከክንዱ ደጃፍ እስከ ብሳናው ስልሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሙጬ ሁለት ሰዎች እህል አምጥተውለት ሞተሩን አስነሥቷል። ኤርፖዱን ሰካሁና የኬሚስትሪውን ትምህርት ጥቂት ሰምቼ፣ ጥያቄ ልሥራ ብዬ አቆምሁት። ከጆሮዬ ግን አላወጣሁትም። ምንም የሚደመጥ ስለሌለ ሰው ቢጠራኝ እሰማለሁ ብዬ ልቤ ሙሉ ነበር።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ ሁለት ገጽ ጥያቄ ጨርሻለሁ። ድንገት ጆሮዬ ውስጥ ዝቅ ያለ ድምፅ ተሰማና ዝምታው ተበጠሰ። ለካ ቻርጁ አልቆ ኖሯል። ሞተሩ ተመልሶ መጣ፣ ከሞተሩ ሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ ነበረ። መጀመሪያ የታሰረች ፍየል መሰለችኝ። ዞር ስል ወይኒቱ ከደጃፏ መሬት ላይ በክንዷ ተደግፋለች። ቀሚሷ በደም ርሷል።

እንዴት እንደደረስሁ አላስታውስም። እጄን ስትይዘኝ ድምፅ አልቀረላትም፣ ጩኸቷን ጨርሳው ነበር። ወደ ወፍጮ ቤት ሮጥሁ። ሙጬ ሞተሩን አጥፍቶ ከሁለቱ ሰዎች ጋር በቃሬዛ አነሧት፣ አውራ መንገዱ ላይ ከቡሬ የሚመጣ ሚኒባስ አስቆምን። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንደደረስን ወዲያው ለቀዶ ሕክምና አስገቧት። ሴት ልጅ ተወለደች፣ እናትየዋም ተረፈች። ሐኪሟ ወጥታ ማን ነው ያመጣት ስትል ሙጬ ወደ እኔ ጠቆመ። ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ሁለቱም አይተርፉም ነበር አለችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የተቀመጥሁት ከዚያ የበለጠ ነው።

ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። ግን ክንዱ ከገበያ በቀጥታ እየሮጠ መጥቶ ጉልበቴን ያዘ። ማታውን ከአባዬ እግር ሥር ወደቀ፣ አባዬም አነሣውና ሁለቱም አለቀሱ። የውኃው ጠብ በዚያው ቀረ። ሰዉ ሁሉ የእንዳለው ልጅ ሁለት ነፍስ አዳነች ይላል። አቻምየለሽ፣ ያቺ ከወንዝ ማዶ ያለችው አክስታችን፣ ስታየኝ እልል አለች። እኔ ግን ብናገር ጠቡ ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። ከዚያም የበለጠ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መመስገኑን ወደድሁት። ለዚህ ነው ራሴን የጠላሁት።

በኋላ ወይኒቱ ለልጅቷ የክርስትና እናት እንድሆን ጠየቀችኝ። የራሷ እኅቶች እያሉ። ሰማንያ ቀኗ ከነገ ወዲያ ሰኞ ይሞላል። ቀኑ በቀረበ ቁጥር እህል አልወርድልሽ አለኝ። ሕፃኗን በክንዴ ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ስልሳ እርምጃ ላይ ልትሞት የነበረችው በእኔ መሆኑን ሆዴ ውስጥ ደብቄ እንዴት እችላለሁ? ስለዚህ ያለፈው ቅዳሜ ክንዱና ሌላው ሰው ገበያ ሲወርዱ ወደ ወይኒቱ ሄድሁ። ብትረግመኝም፣ ክርስትናው ቢቀርም፣ አባዬና ክንዱ እንደገና ቢኳረፉም ልነግራት ቆርጬ ነበር።

ልጅቷን እያጠባች ሰማችኝ። ፊቷ አልተለወጠም። ስጨርስ፣ «አይቼሻለሁ እኮ» አለችኝ። «እስከ ደጄ ተስቤ ጀርባሽን አየሁት። አራት ጊዜ በስምሽ ጠራሁሽ፣ ዞርም አላልሽ። ባሌና አባትሽ በውኃ ስለተጣሉ ትሙት ብለሽ የተቀመጥሽ መሰለኝ።»

ታዲያ ለምን የክርስትና እናት አደረግሽኝ አልኋት። ልጅቷን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችና፣ «አበልጅ ከሆንሽ ሌላ ጊዜ ስጠራሽ መምጣት ግድ ይሆንብሻል ብዬ» አለችኝ።

እታለሜ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ የማታውቅ መስሎኝ ስሸሸግ እሷ ደግሞ የጠላኋት መስሏት፣ ለልጇ ስትል ዝም ብላ ፊት ለፊቴ ትስቃለች። ኤርፖዱን አውጥቼ አሳየኋት። በመዳፏ ላይ ገለባበጠችውና፣ «ይህን የምታህል ነገር የሰው ጩኸት ታስቀራለች ነው የምትይኝ?» አለች። ዘፈን ነበር የምትሰሚ ስትለኝ ምንም አልነበረም አልኋት፤ ይኸው እውነት ደግሞ ጭራሽ ውሸታም አስመሰለኝ። ምንም ካልነበረ እንዴት አልሰማሽም አለች። እሷ ካለችበት ሆኜ ሳየው እኔም ራሴን አላምንም።

ሞተሩ እንደዚያ ዕለት ይጮኻል። እስቲ አድርጊው አልኋት። አራስ ስለሆነች ከደጃፏ አትርቅም፣ ክፉ እንዳይቀርባት የያዘችውን ቢላዋም ከእጇ አትለየውም። ልጅቷን መደብ ላይ አስተኝታ ከውጭ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ጓሮ አዙራ። ኤርፖዱን ሰካሁላት፣ ዘንጉን ቆንጥጬ የውጭውን ድምፅ ዘጋሁት፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አኖርሁላት። ምንም አልከፈትሁም። ስልኩ ላይ ያቺው «ተገናኝቷል» ብቻ ናት። እኔ ወደ ብሳናው ሄድሁ።

ወይኒቱ ብዬ ጠራሁ። ጀርባዋ አልተነቃነቀም። ሁለተኛ ጠራሁ። ሦስተኛውን ስጠራ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ውሸታም ልታስመስለኝ ሆን ብላ ዝም እያለች ይሆን ብዬ ፈራሁ። አራተኛውን ኡኡ ብዬ ጮኽሁ። እሷ ቢላዋዋን ይዛ ጎመኗን እያየች ተቀምጣለች። ወደ እሷ ስሮጥ፣ ደጃፉ ዘንድ ስደርስ፣ ከቤት ውስጥ ልጅቷ ስታለቅስ ሰማሁ። የረሃብ ልቅሶ ሳይሆን ትንፋሽ እስኪቆራረጥ የሚያለቅሱት ዓይነት ነው። እናቷ ከአምስት እርምጃ ርቃ ጓሮዋን ታያለች።

አንዱን ከጆሮዋ ነቀልሁት።

የሰማችበትን ፊት መቼም አልረሳውም። ሌላውን ራሷ ነቅላ ወረወረችና ገባች። ልጅቷ ዝም እስክትል ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ስትወጣ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ፣ ለብዙ ጊዜ አየችኝ። «እንግዲያ አልጠላሽኝም» አለችኝ። ልጅቷን አሳቀፈችኝና ኤርፖዱን ከአፈሩ ላይ ለቅማ፣ በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችኝ።

ለክንዱ ራሷ ነገረችው። ለአባዬ እኔ ነገርሁት። አባዬ እስከ ክረምት ድረስ የቅዳሜውን ተራ ሁሉ የእኛ ቤት ይይዛል አለ። ኤርፖዱን ለጥናት እሰካዋለሁ፣ ግን አንድ ጆሮ ብቻ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እምዬ ሣጥኗ ውስጥ ትቆልፍበታለች። አይፎን እልክልሻለሁ እንዳትዪኝ አደራ። አንቺም ወጥ ቤት ስሠራ አደርገዋለሁ ያልሽውን የራስሽን የጆሮ ማዳመጫ፣ የእመቤትሽን ሕፃን በምትጠብቂበት ሰዓት አውልቂው። ዘፈን ባይኖርበትም አውልቂው።

እምዬ ጉንጭሽን ትስማለች፣ አባዬ ዕድሜ ይስጥሽ ይላል። አክስታችን አቻምየለሽ ደግማ ደጋግማ ሰላም ብላሻለች። ሙጬ አያውቅሽም፣ ግን ለእኅትሽ የወፍጮዬን ጩኸት ይቅር በይኝ በያት ብሏል። ክንዱ ግን አውቃት የለ፣ ሰላም በይልኝ ብሏል። ወይኒቱ ደግሞ አበልጅሽ ነኝና ስትመጪ ቤቴ ሳትገቢ እንዳታልፊ ትላለች። ልጅቷ ሰኞ ስሟን ስታገኝ እጽፍልሻለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ተራዬን ይዤ ከብሳናው ሥር ሆኜ ነው። ሞተሩ ራሴን እያዞረው ነው። ፊቴ ግን ወደ ወይኒቱ ደጅ ነው፣ እስካሁን ሁለት ጊዜ ጠርታኝ ሁለቱንም ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለተኛው ለምንም አልነበረም፤ ትሰሚኛለሽ ወይ ብዬ ነው አለችኝ።

እኅትሽ መስከረም እንዳለው
ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ መውጫ፣ ከቤታችን ብሳና ሥር
ቅዳሜ፣ ግንቦት ፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.