ሰማያዊውን መብራት ለምን እንዳወረድኩት

ናጂሃ፣

ማንኩሳ ለእህቴ ሠርግ ልሄድ ነው። ባጃጁ ደጅ ቆሞ ጥሩንባውን እያስጮኸብኝ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን አትቁጠሪብኝ። መጀመሪያ ግን ተቀመጪ።

አንቺ ቡሬ ቤተሰብሽ ጋ በሰነበትሽበት በዚህ ሳምንት፣ ከባሕር ዓሣ ገንዳሽ ላይ ሰማያዊውን መብራት አውርጄ ነጭ አምፖል ሰቅዬ ነበር። አጎትሽ ከጅቡቲ በባልዲ ያመጡልሽ ኮራል፣ ያ ጣታም የባሕር ፍጥረት፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ኖራ ነጣ። መስታወቱ ደግሞ አረንጓዴ አበቀለና ዓሣው የት እንዳለ ጠፋኝ።

አከራያችን እትዬ እማዋይሽ በመስኮት አይተው «ልጆቼ፣ ቤቴን መሸታ ቤት አደረጋችሁት እንዴ?» ስላሉኝ ነው ልልሽ አስቤ ነበር። ብለዋል፤ ግን እየሳቁ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰማያዊ ብርሃን ፊቴን በመስታወት ሳይ ሬሳ እመስላለሁ። «ብርሃን ያው ብርሃን ነው» አልኩ። ለካ አይደለም፤ እኔን ያሳመረኝ ኮራሉን አቃጠለው።

ሰማያዊውን መልሼዋለሁ። ከፍ አድርጌ ስለሰቀልኩት ዝቅ እንዳታደርጊው፤ ኮራሉ ገና በሽተኛ ነው። ዛሬ ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ይብራለት፤ ከዚያ በየቀኑ አንድ ሰዓት ጨምሪለት። ነጩን አምፖል ሽንት ቤት አስገብቼዋለሁ፤ እዚያ አምሮበታል።

ደግሞ ልናገረው፤

ከሥራ ስትገቢ መጀመሪያ ሰላም የምትዪው ኮራሉን ነው። እኔ ሁለተኛ ነኝ። እሱ እኮ አይመልስልሽም።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ጣቱን ዘርግቶ አየሁት። ብቻዬን እልል አልኩ። ለማንም እንዳትነግሪ።

ያምሮት