በጋሼ ላይ ያላከክሁት መስኮት

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ
አምስት ቤት። ሦስቱ ከከተማው ወዲህ ጫፍ፣ ሁለቱ ወዲያ ጫፍ። ግማሽ ቀን መንገድ ላይ አለቀ። ጋሼ መሰላሉን መኪናው ላይ እያሰሩ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ሰፈር ያሉትን ባንድ ቀን ብትይዣቸውስ?» አሉኝ። «ሁሉንም በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ» አልኩ። ጭንቅላቴ… ጠዋት የጎማ መጥረጊያውን ረስቼ ከመንገድ ተመልሰን አልነበር?

ሃያ ዓመት ከአባቴ ጋር መስኮት ያጸዱ ሰው ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው። አባቴ ሲሞት ግን አለቃቸው እኔ ሆንኩ።

ጥቅምት 9፣ ዓርብ
ደንበኛችን የሆኑት ጡረታ የወጡት መምህርት ደወሉ። ባላቸው ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና አድርገዋል፣ ረቡዕ ቤት ይገባሉ። «ማክሰኞ መጥታችሁ የሳሎኑን መስኮት አጽዱልኝ። ግቢውን ካየ ሁለት ዓመቱ ነው።» እሺ አልኩ። ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ
የጫማ መደብሩ ትልቁ መስታወት። ሳሙና አብዝቼ ሁለቴ ጠረግነው። ወገቤን…

ጥቅምት 15፣ ሐሙስ
እንዴት ብዬ ልጻፈው?

መምህርቷ ደወሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ባላቸው ሐኪም ቤት ሳሉ ቅርብ ቅርቡን አይተዋል፤ የፈሩት ሩቁን ነበር። ትናንት ቤት ገቡ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩ። ከዚያ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «አልዳነም። ያው ጭጋግ ነው» ብለው አለቀሱ። ሚስትየው ነገሩ ገብቷቸው የቆሸሸውን መስኮት እስኪከፍቱ ስንት ደቂቃ አለፈ? አልጠየቅኋቸውም።

እኔ ምን አልኩ? «ለሠራተኛው ነግሬው ነበር። እሱ ነው የረሳው።»

ሠራተኛው! ያውም እሱ! ጋሼ አጠገቤ ባልዲ እያጠቡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ባልዲውን ማጠብ ቀጠሉ።

ጥቅምት 16፣ ዓርብ
ደረሰኙ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ተገኘ። «ማክሰኞ። መምህርት። ሳሎን።» የራሴ የእጅ ጽሑፍ። አብሮት ስድስት ሌላ ብጣሽ ወረቀት… ሁለቱ የማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም።

ጋሼ ቀኑን ሙሉ ሥራ ብቻ። ቀልድ የለ፣ ወሬ የለ።

ጥቅምት 18፣ እሁድ
ራሴ ላጸዳ ወደ መምህርቷ ቤት ሄድኩ። ግቢው በር ላይ የጋሼ ብስክሌት ቆሟል። በእረፍት ቀናቸው! ከየት እንደተዋሱት የማላውቀው መሰላል ላይ ወጥተው መስኮቱን ይጠርጋሉ። መምህርቷ ከታች ሆነው «እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል? በዚህ ዕድሜዎ ጻፍ ጻፍ ማድረግ ነው እንጂ!» ይሏቸዋል።

«ልክ ነዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ጋሼ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ… ገብቼ መናገር ነበረብኝ። አልገባሁም። በመጣሁበት ተመለስኩ።

ጥቅምት 19፣ ሰኞ
«ትናንት እንዴት ዋሉ ጋሼ?» አልኳቸው። ምን ቆርጦኝ ጠየቅኩ? «ደህና። አረፍ ብዬ ዋልኩ» አሉ።

ጥቅምት 21፣ ረቡዕ
ሄድኩ። በሩን የከፈቱት ባልየው ናቸው። ቆሜ ተናገርኩ፤ ብቀመጥ የምናገር አልመሰለኝም። «የረሳሁት እኔ ነኝ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ዋሽቼ ነው።»

መምህርቷ ፊታቸው በንዴት ቀላ። «ምንም ያላደረገ ሽማግሌ ላይ እንድቆጣ አደረግሽኝ እኮ!»

ባልየው ቀስ ብለው «እሁድ ሻይ እንኳ አልጠጣም ብለው ሄዱ። እኔማ አፍረው መስሎኝ…» አሉ።



ጥቅምት 22፣ ሐሙስ
መኪናው ውስጥ፣ ሞተር ሳላስነሳ። «ጋሼ፣ እሁድ እዚያ አይቼዎት ነበር።»

«አውቃለሁ። መሰላል ላይ ሆኜ መንገዱ ሁሉ ይታየኛል። ስትመጪም አየሁ፣ ስትመለሺም አየሁ።»

አራት ቀን ሙሉ ያውቁ ነበር! አለቀስኩ። አላባበሉኝም። «መርሳትስ ማንም ይረሳል። ሠራተኛው ያልሽኝ ግን… አባትሽ አንድ ቀን እንዲያ ብሎኝ አያውቅም» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«እስቲ ንጂ፣ ረፈደ።» ይቅር ብለውኝ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ኅዳር 10፣ ሰኞ
መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ከሰቀልን ሦስተኛ ሳምንት። አንድ ቀን አንድ ሰፈር። ስልክ ሳልዘጋ ነው የምጽፈው፣ ጋሼ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያወጣሉ። ዕቃው ማታ ተቆጥሮ ይጫናል። ዛሬ ሰባት ቤት ጨርሰን ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ጋሼ ስለ ጫማ መደብሩ ባለቤት ቀለዱ፤ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

ከሰዓት መምህርቷ ደወሉ። በየወሩ እንዲጸዳላቸው ፈልገዋል። «እሳቸውን ላኪልኝ። አንቺ ግን አትምጪብኝ።»

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት፣ መምህርት፣ ጋሼ ብቻ።

ጋሼ አነበቡና «ብቻ? አንቺስ?» አሉኝ።

ሌላ ቤት አለብኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። መምህርቷ ያሉትን እንዳሉት ነገርኳቸው፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ።