እህቴ፣ የዝዋይ ባለቤት

ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥር 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለአስካለ፣

እትዬ፣ እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ሆቴሌም እኔም ብናረጅም አልፈረስንም። ይህን በስልክ ብነግርሽ ስቀሽ አታስጨርሺኝም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ልጄን ሳምሪን እዚሁ ኬንያ ሶሎሎ ከተማ መምህር የሆነው ጉዮ ሊያገባት ይፈልጋል። እሷ ወዳዋለች፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ጣጣው አባቱ አቶ ሀልካኖ ናቸው። ቦረና ናቸው፤ በቦረና ከብት ከጉድጓድ የሚጠጣው በተራ ነው፤ ተራ የሚሰጠውን ሰው አባ ሄሬጋ ይሉታል። ልጅ ሊጠይቁ መጥተው ስለ አገሬ ሲያነሡብኝ፣ መቼም ታውቂኛለሽ፣ ዝዋይ ከተነሣ አፌ አያርፍም። ደሴቶቹን፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሸሽጋበታለች የሚባለውን ቱሉ ጉዶን፣ የደንገሉን ታንኳ፣ ወደቡ ላይ የዓሣ ትራፊ የሚጠብቁትን አባ ኮዳ ወፎች፣ ጉማሬውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። እሳቸው ግን ውሃው ላይ ቆሙ።

«ሳይቆፈር? አባ ሄሬጋው ማን ነው?»

«የለውም» አልኩ።

«ባለቤት የሌለው ውሃ የለም። ረስተኸው ነው።»

ጨነቀኝና «እህቴ ናት» አልኳቸው።

«ባሲ፣ እንግዲያው እሷን ውሃ ሳልጠይቅ አንተን ልጅ አልጠይቅም» ብለው ተነሡ።

ስለዚህ ሠርጉ ጾም ሳይገባ እንዲደርስ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ይዣቸው እመጣለሁ። እባክሽ ነጠላሽን አጣፍተሽ ወደቡ ላይ ጠብቂን። ዓሣ እንዳታቀርቢ፤ እሳቸው ዘንድ ከእባብ አይለይም፣ ወተት ይበቃቸዋል። ውሃ ሲጠይቁሽ ኮስተር ብለሽ «ይጠጡ፣ ተራዎ ነው» በያቸው። ከሳቅሽ ሳምሪ ቆማ ቀረች ማለት ነው።

እኔ እንግዲህ በ83 ከጦሩ ጋር ከወጣሁ ወዲህ አገሬ አልገባሁም። ድንበሩ ከሆቴሌ በእግር ይደረሳል። ሳምሪ «አባዬ፣ ለምን አትሄድም?» ስትለኝ ሥራ በዛ እላት ነበር። አሁን ግን ሽማግሌው ይዘውኝ ሊመጡ ነው፣ ደስታዬን የት ላድርገው? ሻንጣዬን ሦስቴ አስሬ ፈታሁ።

እስክንደርስ ጽዮን ጉልበትሽን ታጽናልኝ፣ ዓይንሽንም ታብራልኝ።

ወደቡ ላይ ሁለት ሽበታም ሽማግሌዎች ሲመጡ የትኛው ወንድምሽ እንደሆነ ግር ካለሽ፣ ረጅሙ አቶ ሀልካኖ ናቸው። የሚያለቅሰው እኔ ነኝ።

ወንድምሽ
አሰግድ