ክፍተት የሌለው መጋረጃ

እታለም፣ መጋረጃው ተመረጠ። የአዲሱ አዳራሽ መድረክ የሚለብሰው የኛን ጨርቅ ነው። አሁን ሰላም ልበልሽ፤ ይህን ሳልተነፍስ ብጀምር ደህንነትሽንም በቅጡ አልጠይቅሽም ነበር። ዓይንሽ እንዴት ነው? ጠብታውን ትጨምሪያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ጠርሙሱን እያየሽ ብቻ ትውያለሽ? ልጅሽስ፣ ባሏስ፣ ያ ቅብጥብጥ የልጅ ልጅሽስ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን።

እንግዲህ ስሚኝ። ዓይንሽ ሲደክም ጨርቅ ማተሚያውን ትተሽ ስትወጪ የሰጠሽኝ የካርቶን ቅርጽ ትዝ ይልሻል? ከአራት ማዕዘኑ ግራ ጎን ቆርጠሽ በቀኙ የለጠፍሽው፣ ከላዩ ቆርጠሽ ከታቹ የቀጠልሽው፤ አንቺ ዓሣ ነው ስትይ፣ እኔ ማንቆርቆሪያ ነው ስል ስንሟገት የዋልንበት። እሱን አናጢው በእንጨት ቀረጸልኝ። አንዱን ቀይ፣ አንዱን ሰማያዊ እያደረግኩ ጎን ለጎን ባትመው፣ የአንዱ ጀርባ ለሌላው ሆድ እየሆነ ጨርቁን ከጥግ እስከ ጥግ ሞላው። መርፌ የምታስገቢበት ክፍተት የለውም። ፎርማኑ «የአማቴን አፍንጫ የት አይታችሁት ነው?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ የአዳራሹን ሰዎች ይዞ መጣ። ቅርጹን ማን እንዳወጣው ቢጠይቁ ፎርማኑ ቀልጠፍ ብሎ «እሷ ናት» አለና ወደ እኔ ጠቆመ። ተኝታ እንኳ ታወራለች የምባለው እኔ፣ እጄን በሽርጤ ጠረግኩና ዝም አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ እንደምሆንም እዚያው ተነገረኝ። ደነገጥኩ ልበልሽ? አይደለም፣ ጭብጨባው ጣፍጦኝ ነው። ቤት ስገባ ግን ያንቺን ካርቶን አውጥቼ ደጋግሜ አየሁት። ባለቤቴ «ምነው፣ ሹመት እንዲህ ያስተክዛል እንዴ?» ቢለኝ ጀርባዬን ሰጥቼው የታጠበ ሳህን ደግሜ አጠብኩ።

ትናንት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን የሚመልሰው በአንገቱ ብቻ ነው። የንድፍ ክፍሉ ቁልፍም አልመጣም፤ ይቅር፣ የድሮው ጠረጴዛችን ይበቃኛል። ቅርጹን ያወጣው ሰው ስም በመድረኩ አጠገብ ይሰቀላል፤ ሰሌዳ ጸሐፊው ብሩሹን ይዞ እየጠበቀ ነው። ስምሽን እንዴት አድርጌ ልስጠው፣ በአባት ብቻ ነው ወይስ ከነአያትሽ? ቶሎ ላኪልኝ። ከተቆጣሽም እዚያ ሆነሽ አትኩረፊኝ፤ መጥተሽ ፊት ለፊት ተቆጪኝ፣ አልመልስልሽም።

የዓይንሽን ብርሃን ያቆይልኝ። ጤና ከደጅሽ አይራቅ፣ የልጅ ልጅሽን ድረሽ ለማየት ያብቃሽ።

አንቺኑ የምታስቸግርሽ ታናሽ እህትሽ

ስለፈልፍ ዋናውን ረስቼው ነበር። መጋረጃው የሚከፈተው በሚመጣው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጅሽንም፣ ባሏንም፣ ቅብጥብጡንም ይዘሽ ነይ፤ አንድም ሰው ቤት እንዳይቀር፣ ቅዳሜ።