የሕፃናትን ትንፋሽ ሲለኩ የኖሩት የ«ቁጥብ» የሕይወት ታሪክ

ሰው ዕድሜውን ሳይቆጥር ልኩን የሚያውቅ፣ የሰጠውንም እስትንፋስ በጊዜው የሚቀበል እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

በቤተ ዘመድ ዘንድ «ቁጥብ» ተብለው የሚጠሩት ልጃችን ከመጽሐፍ ጠራዥ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ግንቦት 7 ቀን 1992 ዓ.ም. ተወለዱ።

በ2002 ዓ.ም. አራተኛ ክፍል ሳሉ የዐይናቸው ቆብ ወይን ጠጅ መሰለ፤ የጣታቸው መገጣጠሚያም ቀላ። አክስታቸው «የእናትሽን መኳኳያ ነክተሻል፣ አንቺ ቀበጥ!» ብለው በሳሙና ፈተጓቸው፤ ቀለሙ ግን አልለቀቀም። ውሎ ሳያድር እግራቸው ከዳቸውና አራተኛ ፎቅ ወደሚገኘው ቤታቸው በአባታቸው ጀርባ የሚወጡ ሆኑ።

የሕፃናት ሐኪሟ በሽታው የጡንቻ ብግነት መሆኑን ለዩ። በደማቸውም፣ አካልን ሊጠብቅ ሲገባው የገዛ አካሉን የሚወጋ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ። ሐኪሟ ይህ ምልክት ያለበት ልጅ ጡንቻው ቢበረታ እንኳ ሳንባው በስውር ሊጎዳ እንደሚችል ነግረውን፣ በየሦስት ወሩ የሚደረገው የትንፋሽ ምርመራ እንዳይታጎል አጥብቀው አስጠነቀቁ።

በ2004 ዓ.ም. ቁጥብ በመድኃኒቱ በርትተው የአራተኛ ፎቁን ደረጃ በሩጫ ወጡ። ያን ዕለት ይህን የምጽፍ እኔ፣ የእናታቸው አባት፣ «እግዜር ምሮልን ሳለ ሐኪም ደጅ መመላለስ እሱን መጠራጠር ነው» ብዬ ፈረድሁ። የታላቅ ቃል ነውና ቤቱ ሁሉ ተቀበለኝ። ቀጠሮው ሁለት ዓመት ታጎለ። ደረቅ ሳል ጠንቶባቸው ስንሄድ የሳንባቸው ግርጌ የማይሽር ጠባሳ ይዞ ተገኘ።

ይቅርታ ስለምናቸው፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው፣ «አባባ፣ ስጦታ እኮ ተከፍቶ ይታያል፤ ሰጪው አይቀየምም» አሉኝ። ትንፋሽ እያጠራቸው ቃል መርጠው መናገር በመልመዳቸው «ቁጥብ» የተባሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ትምህርታቸውን ፈጽመው በ2014 ዓ.ም. በሕፃናት ሆስፒታል የትንፋሽ ምርመራ ባለሙያ ሆኑ። «ንፊ ጀግናዬ! ጉንጭሽን ተይው፣ ከሆድሽ! አያቴ እንኳ ከዚህ ይሻላሉ!» እያሉ የሚያለቅሰውን ሁሉ ያስቁ ነበር። «ልጄ ድኗል» ብለው ለቀሩ ወላጆችም ማንም ሳያዛቸው ስልክ ይደውሉ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌር ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ፤ ልጅ አልወለዱም።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ተሳናቸው። ኅዳር 9 ቀን ከአልጋቸው ሆነው፣ በዚያው በሽታ ለምትታከምና ሁለት ቀጠሮ ሳትመጣ ለቀረች የሰባት ዓመት ሕፃን እናት ደወሉ። እናቲቱ «ኧረ እቴ፣ ልጄ ገመድ እየዘለለች ነው!» ሲሏቸው፣ በየቃሉ እያረፉ፣ «እኔም… ደረጃ… ሮጬ ነበር» አሉ። እናቲቱ በማግስቱ ልጅቱን ይዘው ቀረቡ፤ በሳንባዋ ላይ ገና የጀመረ ጉዳት ታየ፤ መድኃኒቱም በዚያው ቀን ተጀመረላት። ይህ ሲነገራቸው ቁጥብ የእኔን እጅ ጨበጥ አደረጉ።

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሃያ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ወላጆቻቸው፣ አንድ ታናሽ ወንድማቸው፣ አክስታቸውና እኔ ቀርተናል። መቅደም የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

አምላክ ነፍሳቸውን ትንፋሽ በማያጥርበት ዕረፍት ያኑርልን። ይህን ለምትሰሙና ለምታነቡም፣ የቤታችሁን ልጆች ከስውር ደዌ ይሰውርላችሁ፤ የሰጣችሁንም ጤና እያመሰገናችሁ እንድትጠብቁ ትጉህ ልብ ይስጣችሁ። አሜን።