ሳል ሲሰማ እጅ ንሱ

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ቅባቱን አትሰስቺበት፤ ሲያልቅ ሌላ እልክልሻለሁ። አባባ አሁንም ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚውለው? እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን» ያልኩሽ ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ ዛሬ የምሬን ነው። ባለፈው ሁለት መስመር ብቻ ስለጻፍኩልሽ አኩርፋኛለች ብለሽ ማዘንሽን ታናሽ እህቴ ነግራኛለች። ኧረ ምን በወጣኝ! ፈርቼ ነው እማዬ። ብዕር ከያዝኩ ሁሉንም እዘረግፈዋለሁ ብዬ ነው።

እንግዲህ ልንገርሽና ይውጣልኝ። ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ መጀመሪያ ተቀመጪ። አርግዣለሁ፤ አምስተኛው ወር ገብቷል።

ያለፉትን ሁለቱን እርግዝናዎች ገና ሳይጠና ለአገር ምድሩ አውርቼ የሆንኩትን ታውቂያለሽ። እልል ያለልኝ ሰው ሁሉ ተመልሶ «አይዞሽ» ሊለኝ ሲመጣ፣ ከሐዘኑ ይልቅ የሰው ፊት ነበር የከበደኝ። ስለዚህ በዚህኛው ከባሌና ከሐኪሜ በቀር ለማንም ትንፍሽ ላልል ለራሴ ማልኩ። ላንቺም ጭምር፤ ይቅር በዪኝ። ሐኪሟ የማህጸኔን አፍ በክር አሰረችልኝና፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ፣ ቁጢጥ እንዳትዪ፣ ዝቅ ብድግ የሚባል ነገር እንዳይኖር፣ ክሩ ከተሳበ እኔም አልደርስልሽም አለችኝ። እኔም ሥራ ቦታ ወገቤን አመመኝ ብዬ ከማጠቢያ ማሽኖቹ ወደ ስፌት ጠረጴዛው ተዛወርኩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የሆስፒታሉን የተቀደደ አንሶላ ስጠግን እውላለሁ። በረኪናው ባይሸተኝ ኖሮ ቢሮ የገባሁ ነበር የሚመስለኝ።

ይኼን ሁሉ ተጠንቅቄ ሳለሁ ምን መጣ መሰለሽ? ንግሥቲቱ አዲሱን የሳንባ ሕሙማን ክፍል ሊጎበኙ ነው ተባለ! ሐኪሞቹ በር ላይ እንዲቀበሏቸው፣ እኛ የማጠቢያ ክፍል ሴቶች ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈን እጅ እንድንነሳ ተመደብን። ሌላው ሁሉ ምን ለብሼ ልቅረብ እያለ ሲጨነቅ እኔ አለቃችን ዘንድ ሄጄ፣ ወገቤ አላስቆም ብሎኛልና በሞቴ አውጪኝ ብዬ ለመንኳት። ስምሽ ቤተ መንግሥት ገብቷል፣ ቤተ መንግሥት የገባ ስም ደግሞ ያለ ሐኪም ወረቀት አይወጣም አለችኝ። ወረቀቱ ምክንያቱን ይናገራል፤ ወረቀቱን የምትቀበለው የቢሮ ጸሐፊ ደግሞ ከአባባ ሬዲዮ ትብሳለች። ባሌ፣ ንገሪያቸውና ተገላገዪ ቢለኝ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። ያለፈውን ጊዜ የሰው ፊት እሱ አላየውማ! እሱ ጋራዥ ነበር።

ሥርዓቱን የምታስተምረን ሴት ከቤተ መንግሥት መጣች። ገና ከመግባቷ «ቀጥ በሉ!» ስላለችን ስሟ በዚያው ወይዘሮ ቀጥ በሉ ሆኖ ቀረ። ስሙን ያወጣችላት ልብስ ተኳሿ ጓደኛዬ ናት፤ እሷንም በምላሷ የተነሳ ካውያ ነው የምንላት። ሥርዓቱን ብታዪው ጉድ ትያለሽ። እሳቸው እጃቸውን ሳይዘረጉ አይዘረጋም። ከዘረጉም ቀለል አድርጎ ጨብጦ ወዲያው መልቀቅ ነው። ሳይናገሩ አይናገሯቸውም፤ ከጠየቁ «ግርማዊት ሆይ» ተብሎ ባጭሩ ይመለሳል። ጀርባ አይሰጥም። ከሁሉም በላይ፣ ብላ ጣቷን አነሳች፣ ንግሥት ይጠይቃሉ እንጂ አይጠየቁም። ካውያ ታዲያ፣ ደህና አደሩም አይባልም እንዴ ብትላት፣ እሱም ጥያቄ ነው አለቻት!

እጅ የሚነሳው ሁለቱን ጉልበት አጥፎ፣ መሬት ሊነካ ሲቃረብ ቆይቶ ነው። ሁላችንም እኩል ወርደን እኩል እንድንነሳ ደግሞ ምልክት ያስፈልጋል። በንግሥት ፊት አይጨበጨብ፣ አይጠራ። ስለዚህ ወይዘሮ ቀጥ በሉ ትስላለች። አንዴ ስትስል እንወርዳለን፤ ስትደግም እንነሳለን። አለቃችንን አንሶላ አልብሰን ንግሥት አደረግናትና ማጠቢያ ክፍላችን ውስጥ በሩን ዘግተን ተለማመድን። እህ ስትል ዝቅ፣ እህ ስትል ብድግ። በሳምንቱ መጨረሻ ሳሏን ሰምቶ ዝም የሚል ጉልበት አልነበረም። እኔ ከኋላ ረድፍ ነበርኩ። ጋውኑ እስከ ቁርጭምጭሚት ስለሚደርስ፣ ጉልበቴን ሳላጥፍ አንገቴን ብቻ ቀብሬ አታለልኳት። በዚሁ አልፋለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

በዕለቱ ግን ሴትዮዋ ተነስታ በቁመት አሰለፈችን። አጫጭሮቹ ወደ ፊት! አጭር አድርገሽ የወለድሽኝ አንቺ ነሽ፣ አልከስሽም፤ ብቻ ራሴን ከፊት ረድፍ መሐል ላይ፣ ካውያ አጠገብ አገኘሁት። አንገት መቅበሩ እዚያ አያዋጣም። ወይ ክሩ ይሳብ ብዬ ልወርድ፣ ወይ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቻዬን እንደ ግንድ ልገተር ነው።

ንግሥቲቱ ገቡ። ገና ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከዳይሬክተሩ ጋር ቆመው እያወሩ ሳለ፣ ለጉብኝቱ ተብሎ ወለል ብሎ ከተከፈተው ክፍል አንድ ሽማግሌ ሕመምተኛ «እህ!» አሉ። ረድፉ በሙሉ ሸብረክ ብሎ ወረደ። እማዬ፣ ለካ ያ ሁሉ ሰው የሳንባ ሕሙማን ክፍል በር ላይ እንደቆምን ረስቶታል! ሽማግሌው ደገሙት፤ ተነሱ። ከማዶ ሌላው ሳለ፤ ወረዱ። ሕመምተኞቹ ይኼን ሲያዩ መሳቅ ጀመሩ፤ ሲስቁ ደግሞ ሳሉ በረታባቸው። ሴቶቹ ዝቅ ብድግ፣ ዝቅ ብድግ፤ ወይዘሮ ቀጥ በሉ በድንጋጤ ተዉ ልትል አፏን ስትከፍት እሷም ሳል ያዛት። እውነተኛውን ሳል! ካውያ ላብ በላብ ሆና የጋውኔን ጫፍ እየጎተተች፣ ውረጂ እንጂ ምን ሆነሻል፣ ልታስጨርሺን ነው ትለኛለች።

ልወርድ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ሐኪሟ ትዝ አለችኝ። የፈለገው ይምጣ አልኩና እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ከዚያ ሁሉ ሴት መሐል የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝና ንግሥቲቱ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። አጠር ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ ሳቃቸውን ከንፈራቸው ላይ ይዘውት ነበር። አንቺስ ምነው ብቻሽን ቆምሽ አሉኝ። ግርማዊት ሆይ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ እንዳልወርድ ተከልክያለሁ አልኩ። ለስንት ወር የደበቅሁትን፣ አለቃዬም ካውያም ጸሐፊዋም ቆመው በሚሰሙበት! ካውያ ጋውኔን ለቀቀችው።

ስንተኛሽ ነው አሉኝ። ባጭሩ መልሱ ተብለናልና ሦስተኛዬ አልኳቸው። ታላላቆቹ እንደምን ናቸው ብለው ቀጠሉ። አላደጉም ማለቴ ትዝ ይለኛል። ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ «ገና አልወለድኩም» ነበር መልሴ፤ ያን ቀን ግን እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁለቱን ቆጠርኳቸው። ሳቃቸው ጠፋ። ጠጋ አሉኝና እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ የእኔም ያደገው አራተኛው ነው አሉኝ።

እማዬ፣ እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። የተማርኩትን ሁሉ ረስቼ ንግሥት ጠየቅሁ! ሦስቱን ይቆጥሯቸዋል ወይ አልኳቸው።

ወይዘሮ ቀጥ በሉ ሳሏ እንኳ ቆመ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ በየቀኑ እቆጥራቸዋለሁ፣ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም አሉኝ። ማን ይጠይቃቸዋል? ክልክል ነዋ! ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨብጦ ወዲያው መልቀቅ ነበር ሥርዓቱ፤ እኔም አልለቀቅሁ፣ እሳቸውም አልለቀቁ። በመጨረሻ ወደ ረድፉ ዞረው፣ በሉ እናንተም ቁሙ፣ እናንተን ሳይ የእኔ ጉልበት ደከመ ብለው ሄዱ።

እንደሄዱ ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ሐኪሟ ዘንድ ሮጥኩ። «ሮጥኩ» ማለቴ በዝግታ ነው፣ አትቆጪ። ክሩ ደህና ነው። የልጁን ልብ አሰማችኝ፤ ቱክ ቱክ ቱክ ይላል፣ የሚቸኩልበት ያለው ይመስላል። እዚያው አልጋው ላይ ተንጋልዬ አለቀስኩ። ስንት ወር ሙሉ ይዤው የከረምኩትን ትንፋሽ ነው የለቀቅሁት። የፈራሁት የሰው ፊትም እንደፈራሁት አልሆነም። ካውያ መርፌ እንኳ ላንሳልሽ እያለች መፈናፈኛ አሳጥታኛለች፣ አለቃችን የተሻለ ወንበር አምጥታልኛለች፣ ባሌ ደግሞ «ብዬሽ ነበር» ላለማለት ምላሱን ነክሶ ይውላል።

ስወልድ አጠገቤ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ። አባባን እህቴ ትይዘዋለች። ያለፉትን ሁለት ጊዜ ስትመጪ ትዝ ይልሻል? ሰው ሁሉ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ሲለኝ አንቺ አንድ ቃል ሳትናገሪ እግሬን ታሺኝ ነበር። ምን እንደማይባል ከየት እንዳወቅሽው ያኔ አልገባኝም። ከሐኪሟ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ያሰብኩት አንቺን ነው። አክስቴ አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍን ሳለ፣ «ካንቺ በፊት የነበረው ቢኖር ኖሮ…» ብላ ጀመረችልኝና አንቺ ስትገቢ አቋረጠችው። እኔም አልጠየቅሁም። በእኛም ቤት ማንም ሳያስተምረን ያወቅነው ሥርዓት አለ፤ አንቺን የሚጠይቅ የለም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ለልጄም ያቆይሽ። አባባን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ለእህቴም ሰላምታዬ ይድረሳት። እና እማዬ፣ በደብዳቤ ካልሆነልሽ ስትመጪ፣ እግሬን እያሸሽ ንገሪኝ። እኔ ስንተኛሽ ነኝ?

የምትናፍቅሽ ልጅሽ