የምስጋና ቀን የድንች ልጣጭ

ውድ ዌድ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። ለምስጋና ቀን እናትህ ቤት እንድመጣ፣ ያለፈው ሁሉ እንዲረሳ፣ ወንበሬም እስካሁን ከጎንህ ባዶውን እንዳለ ጽፈህልኛል። በስልክ ብመልስልህ ድምፅህ ያባብለኛል። ስለዚህ በወረቀት መመለሱን መረጥኩ።

አንተን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሚልዋኪ የተከራየናት የዚያች ጠባብ ቤት ማድቤት ነው። እኔ ያደግሁት ቪሮኳ ገጠር ውስጥ ነው። የቤታችን ፍሳሽ ጓሮ ወደተቆፈረ ጉድጓድ ስለሚወርድ ከሲንኩ ሥር የምግብ ትራፊ እየፈጨ ወደ ቱቦው የሚሰድ የትራፊ መፍጫ ማሽን አይገጠምም፤ ትራፊ የዶሮዎቹ ድርሻ ነው። ሚልዋኪ በገባን ማግስት የመፍጫውን ማብሪያ ስትጫነው ሲንኩ አጓራ፤ እኔም ወደ ኋላ ዘለልኩ። ግድግዳውን ተደግፈህ ሳቅህ። “ነይ፣ አይነክስሽም፤ ጣትሽን ብቻ አትስጪው” አልከኝ።

ከዚያ እንደ መምህር ከጎኔ ቆመህ አስተማርከኝ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀጥሎ ማብሪያው፣ ከዚያ ትራፊው ጥቂት በጥቂት። ሙቅ ውሃ ስቡን አቅልጦ ይወስድና ቱቦው ውስጥ እንደሚያረጋው ነገርከኝ። ማንኪያ ገብቶ ሲቀረቅረው ከሥሩ ተንበርክከህ፣ ጫፏ በታጠፈች ብሩጎላ መፍቻ የማሽኑን ምላጭ ወዲያና ወዲህ እያዞርክ ስታላቅቀው መብራት ይዤልሃለሁ። የድንች ልጣጭ ግን በፍጹም እንዳይገባበት ያልከኝ አንተ ነህ፤ ሲፈጭ ሙጫ ይሆናል ብለህ።

እሁድ ጠዋት በረዶና የሎሚ ልጣጭ እየጨመርን እናጸዳው ነበር። በረዶው ሲፈጭ ቤቱ ስለሚናወጥ ማውራት አይቻልም። አንድ እሁድ በዚያ ጫጫታ መሃል ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አየሁና አጥፍቼው ምን እንዳልክ ጠየቅሁህ። ጆሮህ ቀላ። “አግቢኝ ነው ያልኩት” አልከኝ። ከሲንኩ የሎሚ ሽታ እየወጣ ነበር። እስከዛሬ ከዚያ የበለጠ ደስታ አላየሁም። ይህን ከልቤ ነው የምጽፍልህ።

ከዚያ እናትህ ቤት ያሳለፍነው ያ የምስጋና ቀን መጣ። ድንቹን የመላጥ ተራ ያንተ ነበር። እኔ ገበታውን እያሰናዳሁ በበሩ አየሁህ። ወንድሞችህ ከሳሎን ኳሱ ተጀመረ እያሉ ሲጠሩህ የልጣጩን ክምር በክንድህ ጠርገህ መፍጫው ውስጥ ከተትከው። ልጣጩን ተው ብልህ፣ የእማዬ ማሽን እንደኛው አይደለም፣ ጠንካራ ነው ብለህ ሄድክ። የበዓሉ ተርኪ ዶሮ ከምድጃ ሳይወጣ ሲንኩ ጢም ብሎ ሞላ፤ ግራጫ ውሃ መደርደሪያው ላይ ፈሰሰ። በበዓል ቀሚሴ ተንበርክኬ የታጠፈውን ቱቦ የፈታሁት እኔ ነኝ። ባልዲው ውስጥ የወረደው እንደ ቡኮ የተለወሰ ልጣጭ ነበር። እናትህ ከበላዬ መጥታ ቆመች፤ ቤተሰቡም ሁሉ ከኋላዋ ተሰበሰበ።

“የኔ ማር፣ አንቺ ምን ታደርጊ” አለች፣ ትከሻዬን እያሻሸች። “ይህ ነገር በሌለበት ቤት ነው ያደግሽው።”

ታላቅ ወንድምህም ቀጠለ። “ከዶሮ ጋር ስላደገች ጫጩት መስሏት ነው። አጉርሳ አጉርሳ አነቀችው።”

ሁሉም ሳቁ። አንተም ሳቅህ፣ ዌድ።

ቃል አጥቼ አልነበረም ዝም ያልኩት። ፕሮፌሰሮች ከበውኝ የመመረቂያ ጽሑፌን ነጥብ በነጥብ ሲያብጠለጥሉት አንዱንም ሳልለቅላቸው የተከራከርኩ ሴት ነኝ። ዝም ያልኩት የመናገሩ ተራ ያንተ ስለነበር ነው። ቆሜ ጠበቅሁህ። አንተ ጫማህን ታይ ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። “ልጣጭ እኮ ነው፣ ማረን። እኔ ነኝ ብል ቀኑን ሙሉ ሲቀልዱብኝ ይውላሉ። አንቺን ግን እንግዳ ስለሆንሽ ማንም ምንም አይልሽም።” ክረምቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ከርሜ፣ በረዶው ሳይቀልጥ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ።

መልእክትህን ሳነብ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ተሸንፎ ነበር። ልመጣ ወስኜ ነበር። ያን ገበታ ዳግመኛ ከመቅረቤ በፊት ግን እውነቱን ራሴ ላስረዳ ብዬ ትናንት ለእናትህ ደወልኩ። ልጣጩን የጨመርኩት እኔ እንዳልነበርኩ፣ ዌድ እንደነበረ ነገርኳት። ስትመልስልኝ ድምጿ እንደወትሮው ለስላሳ ነበር።

“አውቃለሁ፣ የኔ ማር። ያኔም አውቅ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ወንድሞቹ ፊት መሳሳት አይሆንለትም። አባቱም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲሁ ነበር። በዚህ ቤት የተሰበረው፣ ያረረው፣ የጠፋው ሁሉ በእኔ ሲመካኝ ነው የኖርኩት። አንቺም ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ ብዬ ነው።”

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እናትህ የናቀችኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቦታዋን ልታወርሰኝ ኖሯል። ልቆጣት ፈልጌ አልቻልኩም። እርስዎም ባይለምዱት ይሻል ነበር አልኳት። ስልኩን ቀድማ የዘጋችው እሷ ናት።

ስለዚህ አልመጣም፣ ዌድ። ባንተ ጥፋት ተስቆብኝ ፈገግ ማለትን አልለምድም። ይህን የምትለምድልህ ሌላ ሴት ብታገኝ፣ አንተ ራስህ አታስለምዳት። ያችን ጠባብ ቤትና እሁዶቿን ግን ማንም አይወስድብኝም። የኔ ናቸው፤ ያንተም ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። የምስጋና ቀን ሁላችሁም ገበታ ላይ ስትቀመጡ፣ ወንድሞችህ እየሰሙ፣ እኔ ነበርኩ በል። ለኔ ብለህ አይደለም፤ እኔ እዚያ የለሁም። እናትህን ግን ቀና ብለህ እያት። ያን ቃል ከዚያ ገበታ ዙሪያ አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም።

ደህና ሁን።

አጥብቃ ወድዳህ የነበረች፣
ማረን